ከሞተር ቅየራ በኋላ የቆመች መርፌ ስንት ታወጣለች?

በአሮጌ መኪና ገበያ ውስጥ ሳይጠየቅ እውነቱን የሚናገር ነገር ጥቂት ነው። ቀለሙ ያብረቀርቃል፤ መቼ እንደተቀባ የሚያውቀው ግን ቀቢው ብቻ ነው። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ትንሽ ቁጥር ያሳያል፤ ቁጥሩ እዚያ የደረሰው በጉዞ ይሁን በሰው እጅ አይታወቅም። ባለቤቱ "ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት" ብቻ ይነዳት እንደነበር ይነገራል። በዚህ ሁሉ ወሬ መሃል ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት መርፌ ሞታ ትገኛለች። ሞተሩ ይነሳል፣ መብራቱ ይበራል፣ የፍጥነት መለኪያው ይሠራል። የሞተሩን ዙር የምትቆጥረው መርፌ ግን ዜሮ ላይ እንደተኛች ናት።

ገዢው በጣቱ ቢጠቁማት የደላላው መልስ ተዘጋጅቶ የቆየ ነው። "ጋሼ፣ እሷ እኮ ምንም አይደለችም! ሞተር ሲቀየር የተነቀለች ሽቦ ናት። ኤሌክትሪሺያን በአምስት ደቂቃ ይቀጥላታል።"

ደላላው ዋሸ ማለት አይቻልም። ብዙውን ጊዜ ነገሩ እውነትም የሽቦ ጉዳይ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል። በአምስት ደቂቃ የምትቀጠል ከሆነ መኪናዋ ለገበያ ከመቅረቧ በፊት ለምን አልተቀጠለችም? ገንዘቡ ያለው በዚህች ጥያቄ ውስጥ ነው።

ሞተር መቀየር የሚያዋጣበት ገበያ

ጥያቄዋ የጥቂት መኪና ወዳጆች ጉዳይ ብቻ ብትሆን ኖሮ የገበያ ገጽ ላይ ቦታ አይኖራትም ነበር። ነገር ግን መኪና እንደ አሮጌ ጫማ በማይጣልበት አገር ሞተር መቀየር ትልቅ የኢኮኖሚ ውሳኔ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸው እየከበደ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ብር ተዳከመ፤ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫም አብሮ ተወደደ።

የሦስቱ እርምጃዎች ድምር ውጤት ግልጽ ነው። አገር ውስጥ ያለ አሮጌ መኪና ዋጋውን ይዞ ቆየ፤ የሞተሩ ዕድሜ ሲያልቅ መኪናውን ከመሸጥ ሞተሩን መቀየር የሚያዋጣበት አጋጣሚም ሰፋ። ሶማሌ ተራ ሄዶ፣ አለዚያም ከዱባይ ወይም ከሻርጃ ያገለገለ ሞተር አስመጥቶ ማስገጠም የብዙ ባለንብረት ስሌት ነው። ባለ ቤንዚን ፒክአፑን ወይም የመስክ መኪናውን በናፍታ ሞተር የሚያስለውጠውም ጥቂት አይደለም። እንግዲህ ያች መርፌ የምትሞተው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው።

መርፌዋ ለምን ትቆማለች?

የዙር ቆጣሪ፣ በጋራዥ ቋንቋ አርፒኤም የሚባለው፣ ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ያሳያል። የሚቆጥረው ግን ሞተሩን ራሱን ሳይሆን በሽቦ የሚመጣለትን የኤሌክትሪክ ምት ነው። ምቱን የሚልክለት አካል ከአሮጌው ሞተር ጋር አብሮ ከወረደ መርፌዋ የምትቆጥረው ነገር የለም።

በቀድሞዎቹ የቤንዚን ሞተሮች ምቱ የሚመጣው ከኮይሉ ኔጌቲቭ ጫፍ ነው። ካንዴላ ባቀጣጠለ ቁጥር አንድ ምት ይላካል። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር 2 ምት፣ ባለ ስድስቱ 3፣ ባለ ስምንቱ 4 ይሰጣል። ናፍታ ሞተር ግን ካንዴላም ኮይልም የለውም፤ ነዳጁ የሚቀጣጠለው በታመቀ አየር ሙቀት ነው። ስለዚህ ቤንዚን ወርዶ ናፍታ ሲገባ የመርፌዋ ሽቦ የሚታሰርበት ቦታ ያጣል። መካኒኩ ጫፉን በፕላስተር ጠቅልሎ ይተወዋል፤ ሥራውም "አለቀ" ይባላል።

ናፍታ ሞተር ግን ሌላ የምት ምንጭ አለው። አንዳንድ የቶዮታ ናፍታ ሞተሮች በናፍታ ፖምፓው ላይ ለዚሁ ሥራ የተሠራ ሴንሰር አላቸው። ሌሎች ከዲናሞው ላይ "ደብሊው" የሚል ምልክት ካለበት ጫፍ ምቱን ይወስዳሉ። አዳዲሶቹ ደግሞ ቤንዚንም ይሁኑ ናፍታ የሞተሩን ዙር በሴንሰር ለኮምፒዩተሩ ያሳውቃሉ፤ ኮምፒዩተሩም ለዳሽቦርዱ ይነግራል። እዚህ ላይ ሌላ ጣጣ ይመጣል። የድሮው ቆጣሪ ከኮይል የሚወጣውን በመቶዎች ቮልት የሚቆጠር ኃይለኛ ምት የለመደ ነው፤ ኮምፒዩተሩ የሚልክለት ግን 5 ወይም 12 ቮልት ያህል ብቻ ነው። ሽቦው በትክክል ተገናኝቶም መርፌዋ ላትነሳ ትችላለች። በመካከል የሚገባ ማስተካከያ ወይም ለአዲሱ ሞተር የሚስማማ ቆጣሪ ያስፈልጋል። በጣም አዲስ በሆኑት ላይ ደግሞ መልእክቱ የሚተላለፈው በመኪናው የመረጃ መስመር ስለሆነ ከነጭራሹ ለብቻዋ የቆመች የአርፒኤም ሽቦ ላትኖር ትችላለች።

ከየት ይጀመር?

ሞተር ያስቀየረ ሰው መርፌዋ ስትቆም የመጀመሪያ ስህተቱ አዲስ ቆጣሪ ለመግዛት መሮጥ ነው። ቆጣሪው ራሱ ሞተሩ ሲወርድ ከቦታው አልተነካም። የተነካው ሽቦው ነው። ምርመራው ከርካሹ ወደ ውዱ ቢሄድ ኪስን ያድናል።

አንደኛ፣ ፊውዝ ይታያል። ከመርፌዋ ጋር የሙቀትና የነዳጅ መለኪያዎቹም ከሞቱ ችግሩ የጋራ ነው፤ ፊውዙ ተቃጥሏል ወይም የዳሽቦርዱ ኔጌቲቭ መስመር ተነቅሏል። የሞተችው እሷ ብቻ ከሆነች ጥርጣሬው ወደ ምት አምጪው ሽቦ ይዞራል።

ሁለተኛ፣ ቁልፉ ሲከፈት ከቆጣሪው ጀርባ 12 ቮልት ያህል መድረሱ፣ ኔጌቲቩም ከመኪናው አካል ጋር በትክክል መገናኘቱ በቴስተር ይረጋገጣል። ሞተር ሲቀየር ከሞተሩ ወደ ሻንሲው የምትሄደዋን የኔጌቲቭ ገመድ መልሶ ማሰር መርሳት የተለመደ ጥፋት ነው።

ሦስተኛ፣ ምቱ ከምንጩ መውጣቱ፣ ከዚያም ዳሽቦርዱ ድረስ መድረሱ ይለካል። ከምንጩ ወጥቶ ዳሽቦርድ ካልደረሰ ሽቦው መሃል ላይ ተቆርጧል። ከምንጩም ካልወጣ ምንጩ ተሳስቷል። የቆዩ የቶዮታ ቤንዚን ሞተሮች ኮፈኑ ሥር ባለችው የምርመራ ሳጥን ውስጥ "አይጂ ማይነስ" የተባለች የምት ጫፍ አለቻቸው፤ መነሻዋን ላጣ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ መጀመሪያ ናት።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ መርፌዋ ካልተነሳች ብቻ ቆጣሪው ራሱ ይጠረጠራል።

እዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ሞተሩ እየሠራ የኮይልን ጫፍ በእጅ መንካት አደጋ አለው። ወደ ኮምፒዩተሩ በሚሄዱ ሽቦዎች ላይም አምፖል እያሰሩ መሞከር ውዱን ዕቃ ሊያቃጥል ይችላል። ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ በኮይል በሚሠራ ሞተር ላይ የአርፒኤሟ ሽቦ ተልጣ የመኪናውን ብረት ከነካች ኮይሉ ሥራውን ያቆማል፤ ሞተሩም ይጠፋል። መንገድ ላይ ድንገት ቀጥ ያለች፣ ካንዴላ ቢቀየርላት አልነሳ ያለች መኪና ችግሯ ያች "ምንም አይደለችም" የተባለች ሽቦ ሆና ልትገኝ ትችላለች።

ከሞተችው የምትዋሸው ትብሳለች

ሽቦው ተቀጥሎ መርፌዋ ተነሳች ማለት ሥራው ተፈጸመ ማለት አይደለም። ለባለ ስድስት ሲሊንደር የተሠራ ቆጣሪ ከባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ጋር ቢገናኝ 3 ይመጣልኛል ብሎ የጠበቀው ምት 2 ብቻ ይሆንበታል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ እየዞረ መርፌዋ 2,000 ታሳያለች። ሾፌሩ ገና ብዙ ቀርቶኛል ብሎ ሲረግጥ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ይጮኻል። ነገሩ ሲገለበጥ፣ ባለ ስድስቱ ሞተር በባለ አራቱ ቆጣሪ ሲነበብ፣ 2,000 የነበረው 3,000 ይባላል።

ከዲናሞ የተወሰደ ምት ደግሞ ሒሳቡ ሌላ ነው። አንድ ዲናሞ በአንድ ዙሩ 6 ምት ቢሰጥና በፑሌጃው ልክ ምክንያት ሞተሩ አንዴ ሲዞር እሱ ሁለት ጊዜ ተኩል ቢዞር፣ በሞተሩ አንድ ዙር 15 ምት ይመጣል። 2 ምት የለመደ የቤንዚን ቆጣሪ ይህን ሲቀበል መርፌዋ ጥግ ድረስ ትፈናጠራለች። ስለዚህ ለዲናሞ ምት የተሠራ፣ ልኩም የሚስተካከል ቆጣሪ ያስፈልጋል። ቺንጋው ከላላ ወይም ፑሌጃው በሌላ መጠን ከተቀየረም ንባቡ ይዛባል።

ቀዩ መስመርም አለ። የቤንዚን ዳሽቦርድ ቀይ መስመሩ ብዙውን ጊዜ ከ6,000 በላይ ነው። በአገራችን ስማቸው የታወቀው የቶዮታ 3ኤል እና 5ኤል የናፍታ ሞተሮች ግን ከፍተኛ ጉልበታቸውን የሚሰጡት 4,000 አካባቢ ነው። የቤንዚን ዳሽቦርድ ተሸክማ በናፍታ የምትሄድ መኪና ቀይ መስመሯ ለሌላ ሞተር የተጻፈ ሕግ ነው። ለመፈተን ቀላል ዘዴ አለ። ሞተሩ ሞቆ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ አብዛኛው ሞተር በደቂቃ ከ650 እስከ 850 ባለው ውስጥ ይዞራል። መርፌዋ 500 ወይም 1,100 ካለች በመጀመሪያ ቆጣሪው ለዚያ ሞተር የተሠራ መሆኑ ይጠየቅ።

ሎሚ የተባለው ገበያ

አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ አሮጌ መኪና ገበያ አንድ ጥናት አሳተመ። አሜሪካኖች ተሸውደው የገዙትን መኪና "ሎሚ" ይሉታልና ጥናቱም የሎሚ ገበያ ተባለ። ሐሳቡ ለማንኛውም ነጋዴ ግልጽ ነው። ለምሳሌ ያህል ሁለት መኪኖች ቢቀርቡ፣ ደህናዋ 1 ሚሊዮን ብር፣ ጉደኛዋ 700 ሺህ ብር የምታወጣ ብትሆን፣ የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች ሻጭ ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ገዢው መካከለኛውን 850 ሺህ ይላል። በዚህ ዋጋ የደህናዋ ባለቤት "ከሰርኩ" ብሎ ይመለሳል፤ የጉደኛዋ ባለቤት ግን እየሳቀ ይፈርማል። ገበያው ላይ ጉደኛዋ ብቻ ትቀራለች።

ከዚህ አዙሪት መውጫውን ያሳየው ሌላው ሊቅ ማይክል ስፔንስ ነው። ደህና ዕቃ የያዘ ሰው ደህንነቱን በምልክት ያሳያል፤ ምልክቱ የሚታመነው ግን ደህና ዕቃ ለሌለው ሰው በጣም ሲወደድበት ነው። አከርሎፍና ስፔንስ ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር በ2001 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተጋሩት በዚህ ዓይነት ሥራቸው ነበር።

የዳሽቦርዷ መርፌም ለአገራችን ገበያ እንዲህ ያለች ምልክት ናት። ሞተሩን ሲያወርድ እያንዳንዱን ሽቦ ምልክት ያደረገ፣ ሞተሩን ከነሽቦ ገመዱና ከነሴንሰሩ የገዛ፣ የሽቦውን ካርታ የያዘ መካኒክ መርፌዋን ማስነሳት የግማሽ ቀን ሥራ እንኳ አይሆንበትም። ሽቦውን በመቁረጫ ቆራርጦ ያወረደ፣ ሞተሩን ራቁቱን የገዛ ግን አንዷን መርፌ ለማስነሳት ሁሉንም ፈትቶ መጀመር አለበት። ስለዚህ ይተወዋል። በትክክለኛው ልክ የምትሠራ መርፌ የምትናገረው ስለ ራሷ ብቻ አይደለም። የሙቀት ሴንሰሩም፣ የዘይት መብራቱም፣ የዲናሞው መስመርም በሥርዓት ሳይታሰሩ እንዳልቀሩ ትጠቁማለች። የሞተችዋም እንዲሁ፣ ከኋላዋ ያልታዩ ሌሎች በፕላስተር የተጠቀለሉ ጫፎች ሊኖሩ እንደሚችሉ ትጠቁማለች።

እርግጥ ነው፣ የሚከራከር አይጠፋም። ከሠላሳ ዓመት በላይ የነዳ ሾፌር ማርሽ የሚቀይረው በጆሮው እንጂ በመርፌ አይደለም ይባላል። እውነት ነው። ከፋብሪካ ሲወጡ ጭራሹን አርፒኤም ያልነበራቸው መኪኖችም አሉ፤ እነሱ ላይ የሚጠየቅ ነገር የለም። ግን ጆሮ የሚያውቀው የለመደውን ሞተር ነው። ሞተሩ ከተቀየረ ጆሮም አዲስ ተማሪ ነው።

በሌላ በኩል መርፌዋን ከሚገባት በላይ ማክበርም ኪሳራ ነው። መርፌ መነሳቷ ፒስቶኑ ጤነኛ መሆኑን አይመሰክርም። ያን የሚናገሩት የኮምፕረሽን መለኪያ፣ የዘይት ግፊትና የጭሱ ቀለም ናቸው። የሞተች መርፌም ሞተሩ ሞቷል ማለት አይደለም። በአንዲት ሽቦ ሰበብ ከመኪናዋ ዋጋ ላይ ትልቅ ገንዘብ የሚያስቀንስ ገዢ ሻጩን እየበላው ነው፤ ሻጩም ሽቦዋን ባለማስቀጠሉ ራሱን እየበላ ነው።

ማን ምን ያድርግ?

ሞተር የሚያስቀይር ባለንብረት ዋናው መሣሪያ የመጨረሻው ክፍያ ነው። ከጋራዡ ጋር ሲዋዋል "ሞተሩ ተገጥሞ ይነሳል" የሚል ቃል አይበቃም። "የዳሽቦርዱ መለኪያዎች ሁሉ፣ አርፒኤሙን ጨምሮ፣ በትክክለኛ ልካቸው ይሠራሉ" የሚል ዓረፍተ ነገር ይግባ፤ ከክፍያውም የተወሰነው እስከዚያ ይቆይ። ሞተሩ ሲገዛም ከነሽቦ ገመዱ፣ ከነሴንሰሩ፣ ካለውም ከነኮምፒዩተሩ ይጠየቅ። በግዢ ቀን የተቆጠበው በኤሌክትሪሺያን እጅ ይወጣል።

ገዢው ደግሞ ውል ከመፈረሙ በፊት ይናገር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ እንዲሆን ያደርጋል፤ ገዢው እያወቀ ወይም በግልጽ እየታየ ለገዛው ጉድለት ግን ዋስትናው አይደርስለትም። ዜሮ ላይ የተኛች መርፌ ከሁሉ ይበልጥ የምትታይ ጉድለት ናት። ዝም ብሎ ፈርሞ ማግስቱን መጮህ ዋጋ የለውም። ወይ ተሠርታ ትቅረብ፣ ወይ ማሠሪያው ተጠይቆ ከዋጋው ይቀነስ፣ ይህም በውሉ ላይ ይጻፍ። በዚያው አጋጣሚ በሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር በሞተሩ ላይ ከተመታው ቁጥር ጋር ይስተያይ፤ የመርፌዋን ሽቦ ያልቀጠለ ሰው ሊብሬውንም ሳያስተካክል ትቶት ሊሆን ይችላል።

ደላላውም ከዚህ ነገር የሚያገኘው አለ። ኮሚሽን የሚመጣው ገበያው ሲፈርስ ሳይሆን ሲፈጸም ነው። መኪናዋን ለገዢ ከማሳየቱ በፊት ባለቤቱን "ይቺን ሽቦ አስቀጥላት" ቢለው የግማሽ ቀን ጭቅጭቅ ይቀርለታል። "ምንም አይደለችም" ብሎ ከመማል ሠርታ ማሳየት ይቀላል።

ነገሩ ሁሉ ሲጠቃለል ሒሳቡ አጭር ነው። ሞተሩ በሚገጠምበት ቀን መርፌዋን ማስነሳት ከሁሉ ርካሹ ጊዜ ነው፤ ኮፈኑ ክፍት ነው፣ ሽቦው ተፈቷል፣ መካኒኩም ገንዘቡን ገና አልወሰደም። በሽያጭ ቀን ግን ያችው ሽቦ የጥርጣሬ ዋጋ ይጨመርባታል፤ የሚከፍለውም ሻጩ ወይም ገዢው እንጂ ሽቦውን በፕላስተር የጠቀለለው ሰው አይደለም።